አደባባይ ወይስ መብራት? መስቀለኛ መንገድን በትራፊክ ሞዴል መመዘን፣ ከቆጠራ እስከ ውሳኔ

አዲስ አበባ ውስጥ የአደባባይ ወሬ ከተነሳ፣ ታክሲ ውስጥም ይሁን ቢሮ ውስጥ፣ ፍርዱ ቀድሞ ያለቀ ነው፦ «ይሄን ነገር አፍርሰው መብራት ቢተክሉበት!» መብራት በተተከለበት ቦታ ደግሞ ያው ሰውዬ ቀይ ላይ ቆሞ «አደባባዩ ይሻል ነበር» ይላል። እኔም ሁለቱንም ብያለሁ።

ክርክሩን ግን በቁጥር መፍታት ይቻላል። ከዚህ በታች ያለው አንድ መስቀለኛ መንገድ ላይ የቱ እንደሚሻል ለመመዘን እኔ የምከተለው መንገድ ነው። ለጀማሪ መሐንዲስ፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ለያዘ ተማሪ፣ ወይም ከተማ አስተዳደር ውስጥ ሆኖ ከአማካሪ የመጣ ሪፖርት ለሚያነብ ሰው ይሆናል። ግማሹ ሥራ በኤክሴል ያልቃል። ውድ ሶፍትዌር የሚያስፈልገው ዘግይቶ ነው፣ አንዳንዴ ጭራሽ አያስፈልግም። ውጤቱን የሚገለብጠው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ዳር ቆማችሁ የምትለኩት የሁለት ሦስት ሰከንድ ነገር ነው። እሱን በምሳሌ አሳያለሁ።

መጀመሪያ፦ አደባባይ ስንል የትኛውን?

እኛ አገር አደባባይ ብዙ ጊዜ የሐውልት ቦታ ነው። አራት ኪሎ ላይ የሚያዝያ 27፣ ስድስት ኪሎ ላይ የየካቲት 12 ሐውልት መሃል ቆሞ መኪናው ዙሪያውን ይዞራል። ትራፊክ መሐንዲሶች «ዘመናዊ አደባባይ» የሚሉት ሌላ ዕቃ ነው። ጠበብ ይላል፤ ባለ አንድ መስመሩ ከዳር እስከ ዳር ከ27 እስከ 55 ሜትር ገደማ ነው። መግቢያው መኪናውን አጠፍ አድርጎ ያዘገየዋል። ገቢው ሁልጊዜ ለሚዞረው ቅድሚያ ይሰጣል።

ይህ የቅድሚያ ደንብ ቀላል ይመስላል፣ ግን ነገሩ ሁሉ እሱ ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1966 ደንቡን እስኪያወጡ ድረስ ክባቸው በራሱ መኪና እየተቆለፈ ያስቸግራቸው ነበር። አሜሪካኖች የመጀመሪያዎቹን ዘመናዊ አደባባዮች በ1990 ላስ ቬጋስ አካባቢ ሠሩ፤ ዛሬ ኢንዲያና ግዛት ያለችው ካርሜል ከተማ ብቻዋን ከ150 በላይ አላት። ይህን ያነሳሁት ለታሪክ አይደለም። የምትጠቀሙባቸው ቀመሮች በሙሉ የተሠሩት ከእንዲህ ዓይነቱ አደባባይና ደንቡን ከሚያከብር ሾፌር ነው። አራት መኪና ጎን ለጎን የሚሽከረከርበትን ሰፊ ክብ በዚያው ቀመር ካሰላችሁት፣ የሚወጣው ቁጥር ያምራል እንጂ እውነት አይደለም።

ደረጃ 1፦ ምን ከምን ጋር እንደምታወዳድሩ ጻፉ

አንድ ገጽ ይበቃል። ቢያንስ ሦስት አማራጭ ያዙ፦ ያለው እንዳለ፣ የተስተካከለ መብራት፣ አደባባይ። መሃለኛዋን ብዙ ሰው ይዘላታል። ሰዓቱ ከዓመታት በፊት የተሞላና ማንም ዞር ብሎ ያላየው መብራት ወስዶ አዲስ ከተነደፈ አደባባይ ጋር ማወዳደር ማጭበርበር ነው፤ በተቃራኒውም እንዲሁ። ለሁለቱም የሚቻለውን ያህል ጥሩ ንድፍ ስጧቸውና ከዚያ ይጋጠሙ።

የትኛው ዓመት? ዛሬ፣ ከ5 ዓመት በኋላ፣ ከ10 ዓመት በኋላ። የትኛው ሰዓት? የጠዋቱና የማታው ጭንቅ፣ ደግሞም አንድ ቀለል ያለ ሰዓት። ቀለል ያለውን ለምን እንደምጨምር በኋላ ይገባችኋል።

ደረጃ 2፦ ቆጠራ

ጎበዝ ቆጣሪ ከጎበዝ ሞዴል ሠሪ ይበልጣል። ፎቅ ላይ ያለ ካፌ ፈልጉ፣ ባለቤቱን አስፈቅዱ፣ ካሜራ አቁሙ፣ ማኪያቶ እዘዙ። አራት መንገድ የሚገናኝበት ቦታ ከሆነ ከእያንዳንዱ መግቢያ ግራ፣ ቀጥታና ቀኝ፣ በድምሩ 12 እንቅስቃሴ አለ። ዞሮ ወደ መጣበት የሚመለሰውን ለብቻው ያዙ፤ እኛ ጋ ቁጥሩ ትንሽ አይደለም። በየ15 ደቂቃው መዝግቡ፣ ምክንያቱም ጭንቁ ሰዓቱን ሙሉ እኩል አይደለም፣ ሰልፉን የሚፈጥረው ያቺ የባሰችው ሩብ ሰዓት ናት።

ቀኑ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ቢሆን ጥሩ ነው። የበዓል ዋዜማ፣ ትምህርት ቤት የተዘጋበት ክረምት፣ አካባቢው የገበያ ቀን ካለው ያ ቀን አይሆኑም። ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት፣ ማታ ከ10 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት መነሻ ይሁናችሁ፤ ከዚያ ቦታው ራሱ ይነግራችኋል።

መኪናውን በዓይነት ለዩ። አውቶቡስና ሲኖትራክ እንደ 2 መኪና ይታሰባሉ፤ የአሜሪካኖቹ የመንገድ አቅም ማስሊያ መጽሐፍ፣ ሃይዌይ ካፓሲቲ ማኑዋል፣ አደባባይ ላይ ለከባድ መኪና የሚሰጠው ግምት እሱ ነው። ሚኒባሱን እንደ አንድ ያዙት። ለባጃጅ ከሌላ አገር ሰንጠረዥ ከመቅዳት ቪዲዮው ላይ አንድ ባጃጅ ለመግባት ስንት ሰከንድ እንደሚወስድ ከቤት መኪና ጋር አስተያዩት።

አሁን ትልቁ ወጥመድ። መስመሩ ላይ ቆማችሁ የምትቆጥሩት ማለፍ የቻለውን ነው እንጂ ማለፍ የፈለገውን አይደለም። ጭንቅ ሰዓት ላይ 300 ሜትር የተሰለፈ መኪና እያለ በሰዓት 600 አለፈ ብትሉ፣ ፍላጎቱ ምናልባት 750 ነው። 600ን ሞዴል ውስጥ ብትከቱት አዲሱ ንድፍ ሰልፉን ሁሉ በአንድ ቀን የፈታ ይመስላል። እኔ መጀመሪያ የሠራሁት ሞዴል እንዲህ ነበር፤ ውጤቱን አይቼ ሁለት ቀን ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ። መድኃኒቱ የሰልፉን ጭራ መቁጠር ነው፦ አንድ ሰው ከሰልፉ ኋላ ይቁም፣ የሚደርሰውን ይመዝግብ፣ በየ5 ደቂቃው ደግሞ የሰልፉን ርዝመት ይጻፍ።

ትራፊክ ፖሊስ ወርዶ በእጅ የሚያስተናግድበት ሰዓት ካለ እሱንም ጻፉ። ትራፊኩ እጁን ካነሳ በኋላ ያለው መንገድ መብራትም አደባባይም አይደለም፣ ሌላ ሥርዓት ነው።

ደረጃ 3፦ ክፍተቱን ለኩ

አደባባይ የሚሠራው በክፍተት ነው። ሾፌሩ መግቢያው ላይ ቆሞ ከግራው የሚመጣውን ያያል፣ «ይሄ ይበቃኛል» ሲል ይገባል። ሁለት ነገር ያስፈልጋችኋል። አንደኛው ወሳኝ ክፍተት ነው፤ አማካይ ሾፌር ከዚያ በታች አልገባም የሚልበት ሰከንድ። ሁለተኛው የተከታይ ጊዜ ነው፤ ሰፊ ክፍተት ሲገኝ አንዱ ገብቶ ከኋላው ያለው ተከትሎት እስኪገባ የሚያልፈው ሰከንድ።

አሰራሩ አሰልቺ ነው፣ ግን አይከብድም። ቅርብ ያለ፣ ተመሳሳይ መጠን ያለው፣ እየሠራ ያለ አደባባይ ቪዲዮ ላይ ለእያንዳንዱ ሾፌር ሳይቀበል የተዋቸውን ክፍተቶችና የተቀበለውን ጻፉ። 200 ያህል ሾፌር ካላችሁ ጥሩ ነው። ከዚያ «የተቀበሏቸው» እና «የተዋቸው» የሚሉ ሁለት መስመሮችን ግራፍ ላይ አውጡ፤ አንዱ እየወጣ ሌላው እየወረደ የሚገናኙበት ቦታ ወሳኝ ክፍተታችሁ ነው። የተከታይ ጊዜውን ለማግኘት ሰልፍ ያለበትን ሰዓት ብቻ ተጠቀሙ።

ማኑዋሉ (6ኛው እትም፣ 2016 እ.ኤ.አ.) ለባለ አንድ መስመር አደባባይ የያዘው ቀመር ወደ ሰከንድ ሲመለስ ወሳኝ ክፍተቱ 5 ሰከንድ ገደማ፣ የተከታይ ጊዜው 2.6 ገደማ ነው። ያ የአሜሪካ ሾፌር ነው። የእናንተስ?

ደረጃ 4፦ አደባባዩን በኤክሴል አስሉ

የአንድ መግቢያ አቅም፣ ማለትም በሰዓት ስንት መኪና ማስገባት እንደሚችል፦

አቅም = 1380 × ኢ^(−0.00102 × የሚዞረው ፍሰት)

«ኢ» ያው 2.718 ነው፤ ኤክሴል ውስጥ ኤክስፕ የሚለው ፈንክሽን ይሠራላችኋል። «የሚዞረው ፍሰት» ማለት በዚያ መግቢያ ፊት ለፊት በሰዓት የሚያልፈው መኪና ነው። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው፣ ግን አንዴ ከገባ አይረሳም። በቀኝ በምንነዳበት አገር እናንተ መግቢያው ላይ ቆማችሁ ከሆነ፦ ከግራችሁ ካለው መንገድ ቀጥታ የሚሄዱትና ወደ ግራ የሚታጠፉት፣ ሲደመር ከፊት ለፊታችሁ ካለው መንገድ ወደ ግራ የሚታጠፉት። የሚዞሩ ተመላሾች ካሉ እነሱም ይጨመራሉ።

ለማሳያ ያህል የፈጠርኩት መስቀለኛ መንገድ ይኸው፣ በሰዓት በመኪና፦

ከደቡብ የሚመጣው፦ ግራ 120፣ ቀጥታ 300፣ ቀኝ 80
ከምዕራብ፦ ግራ 150፣ ቀጥታ 350፣ ቀኝ 100
ከሰሜን፦ ግራ 100፣ ቀጥታ 280፣ ቀኝ 70
ከምሥራቅ፦ ግራ 200፣ ቀጥታ 330፣ ቀኝ 60

የምዕራቡን መግቢያ እንየው። ወደ ምሥራቅ ፊቱን ላዞረ ሾፌር ግራው ሰሜን ነው። ስለዚህ ከሰሜን ቀጥታ 280 እና ግራ 100፣ ከፊት ለፊት ከምሥራቅ ግራ 200፤ ድምር 580። አቅሙ 764 ይወጣል። ፍላጎቱ 600 ነው። ፍላጎቱ ለአቅሙ ሲካፈል 0.79። ሌሎቹን በዚሁ መንገድ ስታሰሉ ምሥራቁ 0.76፣ ደቡቡ 0.67፣ ሰሜኑ 0.63 ይመጣል። ልምዱ ከ0.85 በታች ከሆነ ይሁን፣ ከበለጠ ተጠንቀቅ ነው። በማኑዋሉ የመዘግየት ቀመር ምዕራቡ ላይ አማካይ ቆይታው 24 ሰከንድ ያህል ነው፤ ከ100 ሩብ ሰዓት በ95ቱ ሰልፉ ከ8 መኪና አይበልጥም። 8 መኪና 55 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከኋላ ያለው መጋጠሚያ ከዚያ የሚቀርብ ከሆነ ከአሁኑ ምልክት አድርጉበት።

እስከዚህ አደባባዩ አሸነፈ። አሁን ትራፊኩን ሁሉ በ20 በመቶ አሳድጉት። በዓመት 4 በመቶ ካደገ አምስት ዓመት እንኳ አይሞላም።

የምዕራቡ ፍላጎት 720 ሆነ። የሚዞረው 696 ሆነ። አቅሙ ወደ 679 ወረደ። ሲካፈል 1.06። ተዘጋ።

ይህን ደጋግማችሁ አስሉት፣ ምክንያቱም የአደባባይ ጠባይ ያለው እዚህ ነው። ትራፊክ ሲያድግ ገቢው ብቻ አይደለም የሚጨምረው፣ በፊቱ የሚዞረውም ስለሚጨምር አቅሙ ራሱ ይቀንሳል። ሁለት ጎን ይበላል። ለዚህ ነው አንድ አደባባይ ዓመታት ደህና ቆይቶ ድንገት በአንድ መስከረም የሚታነቀው።

አሁን ደግሞ ደረጃ 3 ላይ የለካችሁትን አስገቡ። 1380 የመጣው 3600ን ለተከታይ ጊዜው በማካፈል ነው። 0.00102 ደግሞ ከወሳኙ ክፍተት ላይ የተከታይ ጊዜውን ግማሽ ቀንሶ ለ3600 በማካፈል። ስለዚህ የራሳችሁን መሥራት ትችላላችሁ።

ሾፌሮቻችሁ ደፋር ናቸው እንበል፤ ወሳኝ ክፍተት 4.2፣ ተከታይ 2.5 ሰከንድ። የምዕራቡ አቅም ወደ 895 ይወጣል፣ ውጤቱም ከ0.79 ወደ 0.67 ይወርዳል። ከ20 በመቶ ዕድገት በኋላ እንኳ 0.88 ነው፤ ተጨንቆ ያልፋል። ዘገምተኛ ናቸው እንበል ደግሞ፣ መንገዱ ዳገት ነው፣ የተጫነ መኪና ይበዛል፤ 5.5 እና 3 ሰከንድ። ዛሬውኑ 0.95። ያው ቆጠራ፣ ያው ክብ፣ ሦስት የተለያየ ፍርድ። ከመቶ ገጽ ሪፖርት ውስጥ መጀመሪያ የምፈልገው እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ከየት እንደመጡ ነው። «ሶፍትዌሩ ላይ የነበረውን ተጠቅመናል» ካለ ሪፖርቱን አጥፌ አስቀምጠዋለሁ።

ደረጃ 5፦ መብራቱንም በዚያው ዓይን

ለመብራት ፈጣኑ መንገድ የሚጋጩትን፣ ማለትም በአንድ ጊዜ ማለፍ የማይችሉትን፣ መደመር ነው። እያንዳንዱ መግቢያ ለግራ ታጣፊ የራሱ መስመር አለው ብለን እንነሳ። በሰሜን ደቡብ በኩል የባሰው ጥንድ የሰሜን ግራ 100 ከደቡብ ቀጥታና ቀኝ 380 ጋር፣ 480 ነው። በምሥራቅ ምዕራብ የምሥራቅ ግራ 200 ከምዕራብ ቀጥታና ቀኝ 450 ጋር፣ 650። ድምር 1130። መብራቱ በ90 ሰከንድ የሚዞር ከሆነና በአራቱ የአረንጓዴ ተራዎች መሃል 16 ሰከንድ የሚባክን ከሆነ፣ አንድ መስመር በሰዓት 1800 ያሳልፋል ብለን 1800 × 74 ÷ 90 = 1480። ውጤቱ 0.76።

ከአደባባዩ 0.79 ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ከ20 በመቶ በኋላ ግን መብራቱ 0.92 ነው። ተጨነቀ እንጂ አልታነቀም። ፍላጎቱ ሲጨምር የመብራቱ አቅም አብሮ አይወርድማ።

ታዲያ መብራት አሸነፈ? ቆይ። መጀመሪያ ነገር ያ 0.92 የተገኘው አራት ተጨማሪ የግራ መታጠፊያ መስመር ተሠርቶ ነው። ቦታው አለ? ሱቅ ይፈርሳል? ሁለተኛ፣ ማታ 4 ሰዓት ላይ እዩት። መኪና በሌለበት ሰዓት አደባባዩ 3 ሰከንድ ያህል ነው የሚያዘገየው። ሰዓቱ የተሞላ መብራት 25 ሰከንድ አረንጓዴ ከሰጠ ባዶ መንገድ ላይም በአማካይ 23 ሰከንድ ያስቆማል። ቀኑ 24 ሰዓት ነው፣ ጭንቁ አራት አምስት ሰዓት። የቀኑን ሙሉ መዘግየት ደምሩና አወዳድሩ፤ ውጤቱ ብዙ ጊዜ ከጭንቅ ሰዓቱ የተለየ ይሆናል። ደረጃ 1 ላይ ቀለል ያለ ሰዓት ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ደግሞ መብራት ሲጠፋ መብራቱም ይጠፋል፤ ይህን በሁለቱም ትርጉሙ ውሰዱት። እሱንም አንድ አማራጭ አድርጋችሁ ማስላት አያስነውርም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ሪፖርቶች ውጤትን ከ«ኤ» እስከ «ኤፍ» በፊደል ይሰጣሉ። ማኑዋሉ አደባባይን ከ50 ሰከንድ በላይ ሲሆን «ኤፍ» ይለዋል፣ መብራትን ግን ከ80 በላይ ሲሆን። 40 ሰከንድ አደባባይ ላይ «ኢ»፣ መብራት ላይ «ዲ» ነው። ፊደል ከፊደል አታወዳድሩ፣ ሰከንድ ከሰከንድ አወዳድሩ። ሰከንዱም አንድ ዓይነት መሆኑን አረጋግጡ፦ ሲድራ የሚባለው የአውስትራሊያ ሶፍትዌር ክቡን ለመዞር የሚባክነውን ጊዜ ሳትጠይቁት ይጨምራል፣ የማኑዋሉ ቀመር አይጨምርም።

ደረጃ 6፦ ሲሙሌሽን መቼ?

የኤክሴሉ ውጤት አደባባዩን 0.6፣ መብራቱን 1.1 ካለ ጊዜ አታባክኑ። ሲሙሌሽን የሚያስፈልገው ሁለቱ ሲቀራረቡ፣ ሌላ መጋጠሚያ ቅርብ ሲሆን፣ እግረኛ ሲበዛ፣ ወይም መውጫው ላይ የሚዘጋ ነገር ሲኖር ነው። የመጨረሻው የኛ ነው። ከአደባባዩ በወጣ በ20 ሜትር አንዱ «ወራጅ አለ!» ይላል፣ ሚኒባሱ ይቆማል፣ ከኋላው ያለው ይቆማል፣ ሰልፉ ወደ ክቡ ይመለሳል፣ ክቡ ሲሞላ አራቱም መንገድ ይዘጋል። ቀመሩ ይህን አያውቅም። መውጫው ሁልጊዜ ክፍት ነው ብሎ ያምናል።

ለዚህ እያንዳንዱን መኪና ለየብቻ የሚያንቀሳቅስ ሶፍትዌር ያስፈልጋል። ቪሲም የጀርመን ነው፣ ጥሩ ነው፣ ውድ ነው። አይምሰን የባርሴሎና ነው። ሱሞ ከጀርመን የአየርና ሕዋ ማዕከል የወጣ፣ ነፃና ኮዱ ክፍት የሆነ ነው፤ ለተማሪ እሱን እመክራለሁ። የመንገዱን ካርታ ከኦፕን ስትሪት ማፕ አውርዶ ይሠራላችኋል፣ ግን የወጣውን እንዳለ አትመኑት፦ የመስመር ብዛት፣ የቅድሚያ አቅጣጫና የመግቢያ ፍጥነት አንድ በአንድ ፈትሹ። ባጃጅና ሞተር በመኪና መሃል የሚሾልኩበት ቦታ ከሆነ መስመርን ወደ ቀጫጭን የሚከፍለውን ሰብሌን ሞዴል አብሩት። ቪሲም ላይ ደግሞ ክቡ ውስጥ የፍጥነት መቀነሻ ማስቀመጥ አትርሱ፤ ካልሆነ መኪናው በ50 ኪሎ ሜትር ይዞርና አቅሙ ከእውነቱ ይርቃል።

የታክሲውን መቆሚያ በትክክለኛ ቦታው አስገቡ። ሕጋዊውን ፌርማታ ሳይሆን በእውነት የሚቆሙበትን። ቪዲዮአችሁ ላይ አለ፦ በደቂቃ ስንት ይቆማል፣ ስንት ሰከንድ ይቆያል። ከዚያ ፌርማታውን 60 ሜትር ወደፊት ገፍታችሁ እንደገና አሂዱት። አንዳንዴ ችግሩ አደባባዩ ሳይሆን ፌርማታው ሆኖ ይገኛል፣ ያ ደግሞ በጣም ርካሽ መፍትሔ ነው።

ደረጃ 7፦ ሞዴሉን ከመንገዱ ጋር አስማሙ

አዲሱን ንድፍ ከመሞከራችሁ በፊት ያለውን መንገድ መምሰል አለበት። ለፍሰት የሚሠራበት መለኪያ ጂ ኢ ኤች ይባላል፦ የሞዴሉንና የቆጠራውን ልዩነት በራሱ አባዙ፣ በ2 አባዙ፣ ለሁለቱ ድምር አካፍሉ፣ ስኩዌር ሩት አውጡ። ቆጠራ 600፣ ሞዴል 560 ከሆነ 1.66 ይመጣል። ከ100 ቆጠራ ቢያንስ 85ቱ ከ5 በታች ይሁኑ።

እዚህ ላይ ግን አታቁሙ። ፍሰት ብቻ ቢገጥም ምንም ማለት አይደለም፣ ፍሰቱን ያስገባችሁት እናንተው ናችሁና። የሰልፉ ርዝመትና የጉዞው ጊዜ ይግጠሙ። ሰልፉ መንገድ ላይ 200 ሜትር፣ ሞዴሉ ላይ 40 ሜትር ከሆነ አንድ ነገር ጎድሏል፤ ብዙ ጊዜ የጎደለው እግረኛው ወይ የሚቆመው ታክሲ ነው።

ከዚያ አሂዱ። አንዴ አይደለም፣ ቢያንስ 10 ጊዜ፣ በየጊዜው የመነሻ ቁጥሩን (ሶፍትዌሩ የዘፈቀደ ነገሮችን የሚያወጣበትን) እየቀየራችሁ፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ሩጫ አንድ ቀን ነው፣ ቀን ደግሞ አንድ አይደለም። የመጀመሪያውን 15 ደቂቃ ጣሉት፣ መንገዱ እስኪሞላ ነው። ሩጫው ሲያልቅ ደግሞ መግባት አቅቷቸው ከካርታው ውጭ የቀሩ መኪኖችን ቁጥር ፈልጉ። ሶፍትዌሩ ይህን አንድ ጥግ ላይ ነው የሚጽፈው። 150 መኪና ውጭ ቀርቶ ሳለ የገቡት ብቻ ሲቆጠሩ መዘግየቱ ትንሽ ይመስላል።

ደረጃ 8፦ ሰውን ቁጠሩ፣ እግረኛውን ጨምሮ

60 ሰው የጫነ አውቶቡስና አንድ ሰው የያዘ የቤት መኪና ሞዴሉ ውስጥ እኩል መዘግየት ካላቸው እኩል ናቸው። በመኪና ሳይሆን በሰው አባዙት። አውቶቡስ የሚበዛበት መግቢያ ለብቻው ሲታይ ውጤቱ ሊገለበጥ ይችላል፤ ለአውቶቡስ ቀድሞ አረንጓዴ መስጠት የሚችለው መብራት ነው፣ አደባባይ አይችልም።

ለደኅንነት አደባባይ ጥሩ ስም አለው፣ ስሙም ይገባዋል። በአራት መንገድ መጋጠሚያ መኪና ከመኪና የሚጋጭባቸው ነጥቦች 32 ሲሆኑ ባለ አንድ መስመር አደባባይ ላይ 8 ናቸው። የአሜሪካ ፌዴራል የመንገድ አስተዳደር መብራት ወደ አደባባይ ሲቀየር ሞትና ጉዳት ያለበት አደጋ በ78 በመቶ እንደሚቀንስ ይጠቅሳል። ይህን ቁጥር ግን ቆርጣችሁ ሪፖርታችሁ ላይ አትለጥፉ። የመጣው ገቢው ከሚቆምበት፣ ክቡ ከሚያዘገይበት፣ እግረኛውም ከኛ ያነሰ ከሆነበት አገር ነው።

እግረኛው ሁለቱንም ንድፍ ይለውጣል። ዜብራው ከመግቢያው መስመር አንድ መኪና ያህል፣ 6 ሜትር ገደማ ወደ ኋላ ሲሆን ሾፌሩ እግረኛንና ክቡን ተራ በተራ ያያል፤ መሃል ላይ ማረፊያ ሲኖር እግረኛው በአንድ ጊዜ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይሻገራል። ባለ ሁለት መስመር ሲሆን ግን አንዱ መኪና ቆሞ ሌላው በጎኑ ያልፋል፣ እዚያ ነው የሚገጨው። ማየት ለተሳነው ሰው ደግሞ የማያቋርጥ የመኪና ድምፅ መሃል «አሁን ተሻገር» የሚል ነገር የለም። በሰዓት ሺህ እግረኛ የሚሻገርበት መግቢያ ከሆነ ሞዴሉ ውስጥ እግረኛውን ከቪዲዮው እንደመጣ፣ በቡድን በቡድን አስገቡት፤ አንድ በአንድ እየተራራቀ የሚሄድ እግረኛ ስታስገቡ አደባባዩ ከእውነቱ በላይ ያስተናግዳል።

ደረጃ 9፦ ውሳኔውና ሙከራው

ሪፖርቱ ላይ ሦስት ሠንጠረዥ ይብቃችሁ፦ የሰው መዘግየት በቀን፣ የባሰው መግቢያ ሰልፍ በሜትር፣ ንድፉ የሚሞላበት ዓመት። ከዚያ ክፍተቱን ግማሽ ሰከንድ ወደ ላይና ወደ ታች ስታደርጉ ውጤቱ ምን እንደሚሆን አንድ ገጽ። ባለሥልጣን ፊት ስትቀርቡ ባለ ቀለሙን ቪዲዮ መጨረሻ ላይ አሳዩ። መጀመሪያ ካሳያችሁ ከዚያ በኋላ ቁጥር የሚሰማችሁ የለም፣ ሁሉም ትንንሾቹን መኪኖች ነው የሚያየው።

ውጤቱ «ወይ ይሄ ወይ ያ» ላይሆንም ይችላል። አንዱ መግቢያ ብቻ የሚራብ ከሆነ፣ ማለትም ከግራው የሚመጣው ፍሰት ክፍተት የማይሰጠው ከሆነ፣ አውስትራሊያ ውስጥ እንደሚያደርጉት በጭንቅ ሰዓት ብቻ የሚበራ መብራት ባስቸጋሪው መግቢያ ላይ ማቆም ይቻላል። ሌላ ጊዜ ጠፍቶ ይቆያል። ሞዴላችሁ ውስጥ ለመሞከር ግማሽ ቀን አይፈጅም።

ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት ደግሞ ክቡን በቀለምና በአሮጌ ጎማ መንገዱ ላይ ሥሩት። ሁለት ሳምንት ተዉት፣ ሾፌሩ ይልመደው። ያን ጊዜ ያንን ካፌ ተመልሳችሁ ሂዱ፣ ካሜራውን እዚያው አቁሙ፣ ክፍተቱን እንደገና ለኩ። አሁን የምትለኩት የሌላ አደባባይ ሾፌር ሳይሆን የራሱን የቦታውን ነው። ደረጃ 4 ላይ ያስገባችሁት 4.2 ሰከንድ 4.9 ሆኖ ካገኛችሁት ኤክሴሉን ክፈቱና ሁለቷን ቁጥር ቀይሩ።